ሳጥኗ ከማን ጋር ነው የምታወራው?

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ጋሽ ብሎን ግድግዳውን በመፍቻ ሁለት ጊዜ መታው። እንደዚያ አድርጎ የሚጠራው ወንድምዬን ነበር። እማዬ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና ግድግዳውን አየችው። እኔም አየሁት። ደግሞ ሲመታ ተነስቼ ሄድኩ።

ቤታችን ከሃንጋሩ ጀርባ ጋር የተጣበቀ ሁለት ክፍል ነው። አባዬ የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ስለሆነ የተሰጠን ነው። የእኔና የወንድምዬ አልጋዎች ካሉበት ግድግዳ ማዶ እርሻ ላይ ፀረ ተባይ የምትረጨው አውሮፕላን ትቆማለች። ወንድምዬ "ከአውሮፕላን ጋር ተጎራብቶ የሚያንኮራፋ ቤተሰብ እኛ ብቻ ነን" ይል ነበር።

ጋሽ ብሎን መካኒኩ ነው። ኪሱ ከብሎን ስለማይጠፋ ስሙም ብሎን ሆኖ ቀረ። የጠራኝ ስለ ሳጥኗ ነው። መዳፍ የምታክል ጥቁር ነገር ናት፤ በጎማ መምጠጫ የአውሮፕላኗ መስታወት ላይ ትለጠፋለች። በአካባቢው የሚበሩ ሌሎች አውሮፕላኖች የሚልኩትን ምልክት ትቀበልና የት እንዳሉ በዋይፋይ ለአብራሪዋ ለካፒቴኗ ታብሌት ትነግራለች። የገጠማት ወንድምዬ ነው፤ ስታስቸግርም የሚያባብላት እሱ ነበር። አሁን ታብሌቱን እምቢ ብላዋለች። ርጭቱ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይጀምራል።

"እሱ ሲሠራ አጠገቡ ትቀመጥ የለ?" አለኝ። "እስቲ እያት።"

እቀመጥ ነበር። የማየው ግን ሳጥኗን ሳይሆን እሱን ነበር። ይህን አልነገርኩትም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ጋሽ ብሎን ቀን ላይ ሞክሯት ወዲያው ተገናኘች አለ። እኔ ስመጣ እምቢ አለች። ቻርጅ አደረግናት፣ አጠፋናት፣ አበራናት። ምንም።

"አንተን ስታይ ነው የምታኮርፈው" አለ። "ልክ እንደ ባለቤቴ። ለሰው ሁሉ ጥርሷ አይከደንም፣ እኔ ስገባ ዝም።"

ሳቅኩለት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩ መስሎት ደስ አለው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጊዜ አለኝ፤ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። በክረምቱ ማብቂያ፣ ነገሩ ገና ትኩስ እያለ፣ ሁሉም እየመጣ "ያጽናህ" ይለኝ ነበር። አሁን ማንም ምንም አይልም። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ልጅ "እዚያ ጋ ብርሃን ይሻላል" ብሎ ወደ መስኮቱ ተዛውሯል። ዓይኑ ምንም አልሆነም። የሒሳብ መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ ዓይኑ በየወንበሩ ይዞርና እኔ ጋ ሲደርስ ይዘለኛል፣ የተሰበረ ደረጃ እንደሚዘለል። ትናንት በኮሪደሩ አንዷ ለሌላዋ "ወንድሙን መኪና የገጨበት እሱ ነው" ስትል ሰማሁ። መኪናው ወንድምዬን ብቻ አይደለም የገጨው፤ ሞተሩንም ነው። ለምን ይህን ማረም እንዳማረኝ አላውቅም።

ስልኩ ከእኔ ጋር ነው። ሆስፒታል ከቀበቶውና ከቁልፎቹ ጋር በፌስታል ሰጡን። ጥጉ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል። መክፈቻ ቁጥሩን ግን አላውቀውም። ልደቱን ሞከርኩ፣ የእማዬን ሞከርኩ፣ የሞተሩን ታርጋ ሞከርኩ። ደጋግሜ ከተሳሳትኩ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ሲነግሩኝ ተውኩት። አንዴ ከተዘጋ ደግሞ ሲከፈት መጀመሪያ ያንን ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩን እስካላገኘ ከማንም ጋር አይገናኝም፣ ምንም አይሠራም። ስለዚህ እንዲዘጋ አልፈቅድም። ባትሪው አርጅቷል። ቀን በፓወር ባንክ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ማታ ትራሴ አጠገብ እሰካዋለሁ።

በየቀኑ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዶሮ ይጮኻል። ወንድምዬ የመቀስቀሻውን ድምፅ ዶሮ ያደረገው አባዬን ለማሳቅ ነበር፤ በዚህ ሜዳ ላይ ኬሚካሉን ፈርቶ ዶሮ የሚያረባ የለም። አባዬ አንድ ቀንም ስቆለት አያውቅም። በጣቴ ሳብ አድርጌ ዝም አሰኘዋለሁ እንጂ ስልኩን ሳልከፍት ልሰርዘው አልችልም። በነጋታው ይጮኻል። እማዬ "ዝጋልኝ ይሄን ነገር፣ እንቅልፍ ነሳኝ" ትላለች። እኔ ግን ዶሮው ከመጮሁ በፊት ነጠላ ጫማዋ ሲንሸራተት እሰማለሁ። መጥታ በሩ ጋ ትቆማለች። ሲጮህ ትመለሳለች።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ቤት ስሆን ስክሪኑ አናት ላይ ያቺ የዋይፋይ ምልክት ትበራለች። ቤታችን ዋይፋይ የለም። ትምህርት ቤት ስሄድ ትጠፋለች፤ ስመለስ ትበራለች። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አያታለሁ። ቤቱ መግባቱን የሚያውቅ ይመስለኛል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ታብሌቱ ሳጥኗን እንዲረሳትና እንደ አዲስ እንዲፈልጋት አደረግን። ስክሪኑ ላይ አንድ ስም ብቻ መጣ፦ ጭራሮ።

ካፒቴኗ ቆማ ታየን ነበር። "ይሄ የፋብሪካው ስም ነው አይደል?" አለች። ጋሽ ብሎን ወደ እኔ ተመለከተና መፍቻውን መጥረግ ጀመረ።

ጭራሮ እኔ ነኝ። ክንዴ ስለቀጠነ ወንድምዬ ያወጣልኝ ስም ነው። ከእሱ በቀር እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ የለም። የለም ነበር። ሳጥኗን በእኔ ስም መሰየሙን አልነገረኝም። ስንት ጊዜ አብረን ስንነታረክ፣ ስንት ጊዜ አውሮፕላኗ ስትነሳ ስሜ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሲሄድ፣ እኔ ተኝቼ።

አልተገናኘችም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጋሽ ብሎን መርፌ ይዞ ጠበቀኝ። ከሳጥኗ ሥር ቀዳዳ አለች፤ በመርፌ ተጭነህ ብትይዛት ከፋብሪካ እንደወጣች ትሆናለች፣ አዲስ ስም፣ አዲስ የይለፍ ቃል።

"ስሙስ?" አልኩት።

"ይጠፋል።"

መርፌዋ ቀዳዳዋ ውስጥ ነበረች። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አልኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ መርፌዋን የኮቱ ክፈፍ ላይ ሰካት።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ፈተና ደርሷል። አላጠናሁም። ባትሪ 31።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አክስቴ ቤት ዋልን። እማዬን "አንቺም በይ ውጪ እንጂ፣ ቤት ውስጥ ታፍነሽ ልትሞቺ ነው እንዴ" ብላ አስገድዳት ነው። እኔ ጥግ ይዤ ስልኩን ሰክቼ ተቀመጥኩ። ወጥ ቤት ሆነው ሲያወሩ ሰማሁ። አክስቴ፦ "ልጅሽ የሞተ ሰው ስልክ ታቅፎ ይውላል፣ አንቺ ዝም ትያለሽ።" እማዬ፦ "እሱ ካልታቀፈው ማን ይታቀፈው።" አክስቴ ከዚያ በኋላ ዕቃ ማጠቡን ቀጠለች።

ስልኩን እዚያው ባስቀምጠውስ ብዬ አስቤ ነበር። ምክንያት አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ነው ያሰብኩት። አክስቴ ደግሞ ገና ከበሩ ሳልወጣ ስልኩን ትዘጋዋለች።

ማታ ስንመለስ ጋሽ ብሎን ሜዳው ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበ። ካፒቴኗ ጠዋት መጥታ ነበር። ሳጥኗ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ሰዓት ሠርታ ዋለች! እንኳን በመርፌ አልነካናት አለ። ልናያት ወደ ሃንጋሩ ገባን። ቦርሳዬ ጀርባዬ ላይ ነበር። ታብሌቱን አጥፍቶ አበራው። አልተገናኘም።

ጋሽ ብሎን ሳጥኗን ወደ ዓይኑ አስጠጋት። መብራቷ አረንጓዴ ብልጭ ብልጭ ካለ ሰው እየጠበቀች ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከቆመ ከአንዱ ጋር ተገናኝታለች ማለት ነው። አሮጌ ስለሆነች በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አታስተናግድም። ሰማያዊ ነበረች።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለ።

አላውቅም አልኩ።

አላውቅም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ስልኩን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን ገጠምኩ። ለምን እንደሆነ አልጽፍም። ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ሳይ የዋይፋይ ምልክቷ አንድ መስመር ቀንሳለች እንጂ አልጠፋችም። አወጣሁት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ከትናንት ወዲያ ማታ ለጋሽ ብሎን ጥፋቱ የታብሌቱ ሳይሆን አይቀርም አልኩት። እንዴት ጥሩ አድርጌ እንደነገርኩት ራሴን ገረመኝ። ወንድምዬ ራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። ካፒቴኗ ዛሬ ሌላ ታብሌት ተውሳ መጣች፤ ከሥራዋ ቀርታ ግማሽ ቀን ተጉዛ። ያው ሆነ። እኔ ቆሜ "እንግዲህ" እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ።

ያመኑኝ የእሱ ወንድም ስለሆንኩ ነው።

ስልኩን ከትራሴ አላራቅኩትም። ዛሬም አጠገቤ ነው። ባትሪ 64።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ርጭቱ ተጀመረ። ንፋስ ሳይነሳ ጎሕ ሲቀድ ነው የምትበረው፤ ያን ጊዜ እኔ ግድግዳው ማዶ ተኝቼ ነው። እንደተኛሁ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ካፒቴኗ ለአባዬ "ሳጥኗን ተዋት፣ እግዜር ዓይን ሰጥቶኛል" ስትለው ሰማሁ። አባዬ ምን እንደመለሰ አልተሰማኝም።

ሳጥኗ የጀመረችውን ሳትዘጋ ሌላ አትቀበልም። አውሮፕላኗ ርቃ ከሄደች በኋላም አጥፍተው ካላበሯት በቀር ደንግዛ ትቀራለች። መሬት ለመሬት እየበረሩ ደግሞ እሷን ለማብራት እጅ ከመሪው አይነሳም። ይህን ያስረዳኝ ጋሽ ብሎን ነው፤ እያየኝ። ወይም እያየኝ መስሎኝ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ስልኩ ሳይከፈት ዋይፋዩን ማጥፋት አይፈቅድም። ሞክሬ አየሁ። ቁጥር አምጣ ይላል።

እማዬ "ለምን አትበላም" አለች። በልቻለሁ አልኳት። ሳህኑን አይታ መልሳ አየችኝ። ሆድ ይፍጀው ይባላል። የእኔ ሆድ መፍጀት አልቻለበትም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ ትምህርት ስለሌለ ሜዳው ላይ ነበርኩ።

ካፒቴኗ ቶሎ ተመለሰች። ኬሚካሉ ግማሽ እንኳ አላለቀም። ሞተሩን አጠፋች፤ ከወረደች በኋላ ግን አልሄደችም፣ ጎማው ላይ ተቀመጠች። አባዬ ውሃ አመጣላት። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ያዘችው። እየረጨች ሳለ ከኮረብታው ጀርባ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ፀሐይዋን ተከትላ ብቅ ብላ ለጥቂት በላይዋ አልፋ ነበር። ታብሌቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ባዶ ነበር።

"ሆዷ ላይ የፈሰሰውን ዘይት አየሁት" አለች። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። ደግማ፦ "ዘይቱን አየሁት እኮ።"

አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚህ በፊት ኮፍያውን ሲያወልቅ ያየሁት ሆስፒታሉ በር ላይ ብቻ ነው።

ጋሽ ብሎን ሳጥኗን ከመስታወቱ ነቅሎ ወደ ሃንጋሩ ገባ። ተከተልኩት። ጠረጴዛው ላይ ገለበጣትና ከኮቱ ክፈፍ መርፌዋን አወጣ። ሰማያዊው መብራት ቆሞ ነበር።

ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኩት።

"ከዚህ ጋር ነው የምታወራው" አልኩ።

ጋሽ ብሎን የተሰነጠቀውን ጥግ አየ። ያውቀዋል፤ አንዴ ወንድምዬ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ሄዶ ጋሽ ብሎን ቤት ድረስ ያመጣለት ስልክ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መቼ አወቅክ አላለኝም። ያንን ጥያቄ ብቻ ነበር የፈራሁት።

"እሱ ሲሠራት ይሞክራት የነበረው በዚህ ስልክ ነው" አለ በመጨረሻ። "ስታየው ትሮጥለታለች። ምን ታድርግ፣ መሞቱን የነገራት የለም።"

ከዚያ መርፌዋን ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠ።

"ወይ ይቺ ትገባለች፣ ወይ ያ ይዘጋል። ሰኞ ሲነጋ አውሮፕላኗ ትነሳለች። ምረጥ አልልህም፤ ግን አንተ ካልመረጥክ እኔ መርፌዋን ነው የማነሳው።"

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። የነገርኳት ስለ ዋይፋይ ነው፣ ስለ መብራት፣ ስለ መርፌ። ስለ ዘይቱም። ቶሎ ቶሎ ስለተናገርኩ የገባት አልመሰለኝም። የስልኩን ጥግ በአውራ ጣቷ ትዳብስ ነበር።

"ሳጥኗ ስምህን ነው የያዘችው?" አለች።

"አዎ።"

"እሱ ነው ያወጣላት?"

"አዎ።"

ወር ሙሉ "ዝጋው" ስትለኝ የከረመች ሴት፣ ልዘጋው ነው ስላት እጄን ያዘችው።

"ነገ እሑድ ነው፣ በረራ የለም" አለች። "አንዴ ይጩህና።"

ጥቅምት 30፣ እሑድ

አልተኛሁም። እማዬም አልተኛችም። ወደ አስራ አንድ ሰዓት ሲጠጋ መጥታ ወንድምዬ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም ነበር፤ ሽቦው ሲጮህ ሦስታችንም ደነገጥን። ሦስታችንም ያልኩት አባዬ ስለነበረ ነው። ማን እንደነገረው እንጃ፣ ከጥበቃው መጥቶ የእጅ ባትሪውን እንዳበራ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ዶሮው ጮኸ።

ማንም አልነካውም። ደጋግሞ ጮኸ፤ ትራሱ እየተንቀጠቀጠ፤ እስኪበቃው ድረስ። ለካ ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም። መጨረሻው ላይ ድምፁ ይሰበራል፣ እንደ ጎረምሳ። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ተመልሶ ጮኸ። ያን ጊዜ አባዬ በአፍንጫው ሳቀ። አጭር ሳቅ ናት፣ ግን ሳቅ ናት። ወዲያው ባትሪውን አጠፋና ጨለማ ውስጥ ቆመ።

"አሁን" አለች እማዬ።

ጎኑን ተጭኜ ያዝኩት። ልዘጋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የዋይፋይ ምልክቷን አየኋት፤ ሙሉ ነበረች። እሺ የሚለውን ነካሁ።

ቀኑን ሙሉ የሠራሁት የለም። ሒሳብ ትንሽ አጠናሁ። እጄ አሥር ጊዜ ወደ ቻርጀሩ ሄደ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ነው።

ዶሮ ስላልጮኸ ተኝቼ ቀረሁ። አንድ እጅ ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

"ጭራሮ፣ ተነስ። አውሮፕላኗ ልትነሳ ነው።"

እማዬ ነበረች። እንደዚያ ብላኝ አታውቅም። በአፏ ላይ ስሙ ትንሽ አስቸግሯታል፤ የሰው ጫማ እንደመሞከር። ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላስር ሮጥኩ።

ሃንጋሩ በር ላይ ብርሃኑ ገና ግራጫ ነበር። ጋሽ ብሎን ሳጥኗን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አበራት። አረንጓዴ። ብልጭ፣ ብልጭ። ዙሪያዋን የምትፈልግ መሰለኝ። ትንሽ እንድትቆይ ፈለግሁ፤ ያን አልክድም። ከዚያ ሰማያዊ ሆና ቆመች። ካፒቴኗ ጭኗ ላይ ያለው ታብሌት ጭራሮ፣ ተገናኝቷል አለ። ወዲያው በስተሰሜን በኩል አንዲት ነጥብ ታየች፣ ሩቅ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ የምትሄድ።

ጋሽ ብሎን ባዶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። መርፌዋ ክፈፉ ላይ ናት።

ካፒቴኗ ቀበቶዋን እያጠበቀች "ቆይ፣ ይሄ ጭራሮ የሚሉት ግን ማነው?" አለች።

ጋሽ ብሎን ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ክንዴን አየችና ሳቀች። "እንግዲያው አንተን ይዤ ነው የምሄደው" ብላ በሩን ዘጋች።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አምልጦኛል። አሁን መምህሩ ዞሮ ጥያቄ ጠየቀ። ዓይኑ በየወንበሩ እየዞረ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ከላይ የሞተሯ ድምፅ ይሰማል። እጄን አውጥቻለሁ።